ጀጎል ገብታችሁ ሳትቀመጡ እንዳትወጡ

ሐረር ደርሶ የመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሰው ቤት ገባህ?» ብዬ ነው። አብዛኛው «አዎ፣ የራምቦን ቤት አየሁ» ይለኛል። ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ከሞተ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ የምለው ሰው ያለበትን ቤት ነው። በሩ ላይ ጫማ የተደረደረበት፣ ከጓዳ የሽንኩርት ሽታ የሚመጣበት፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ቦርሳቸውን ወርውረው የሚሮጡበት የሐረሪ ቤት።

ለነገሩ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ያው ነበርኩ። አንድ አስጎብኚ በግማሽ ቀን ሦስት ቤት አሳየን። እያንዳንዱ ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ ያህል ቆምን፣ ስልካችንን አወጣን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ፎቶ አንስተን ወጣን። ሦስተኛው «ቤት» ጭራሽ ሱቅ ሆኖ ተገኘ። ማታ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ፎቶዎቹን ሳገላብጥ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። መደቦቹ ለምን ከፍና ዝቅ እንዳሉ፣ ለምን አምስት እንደሆኑ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ አንዱንም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። ይሄን የምጽፈው እናንተ በአንድ ጉዞ እንድትገላገሉት ነው።

መጀመሪያ የት እንደምትሄዱ እንግባባ

ጀጎል በግንብ የታጠረው አሮጌው ሐረር ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ውስጡ 48 ሄክታር ቢሆን ነው። እዚያች ላይ 82 መስጊዶች አሉ፤ ሦስቱ ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበሩ ናቸው። አድባራቱን፣ ማለትም የአውሊያዎቹን መቃብርና መዘከሪያ ስትጨምሩበት ደግሞ ሌላ ከመቶ በላይ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው አንድ ግንብ ወይ አንድ መስጊድ መርጦ አልነበረም። ከተማውን እንዳለ ነው የመዘገበው፣ ከነቤቱ፣ ከነመተላለፊያው።

ስለዚህ ጀጎል ውስጥ ቅርስ የሚባለው ነገር ውስጥ ሰው ይወለዳል፣ ያገባል፣ ይኳረፋል፣ የመብራት ቆጣሪ ያስነብባል። የምትገቡበት ቤት የቲኬት መስኮት የለውም። እንግዳ ሆናችሁ ነው የምትገቡት። ይሄንን አንዴ ከያዛችሁ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ቀላል ነው።

ከተማው የገበያ ከተማ ነው፣ ይሄም አይረሳ። ቡናው፣ ጫቱ፣ ቆዳው፣ ጨሌው፣ ከባሕር የሚመጣው ጨርቅና ዕቃ ሁሉ እዚህ ይገናኝ ነበር። አሚሮቹ የራሳቸውን ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር። ቤቱን የሠራው ይኼ ገንዘብ ነው። የቤቱን ውስጥ ስታዩ፣ ግድግዳ ሙሉ ሳህንና ስፌት ምን ይሠራል ብላችሁ የምትገረሙ ከሆነ መልሱ ይኸው ነው። ነጋዴ ቤት ነው፤ ያለውን ያሳያል።

መቼ፣ በምን

አውሮፕላኑም ባቡሩም የሚያደርሳችሁ ድሬዳዋ ነው። ከዚያ ሐረር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደንገጎን ስትወጡ አየሩ ይቀየራል፣ ድሬ ላይ ያወለቃችሁትን ሹራብ ትፈልጉታላችሁ። አወዳይ ስትደርሱ መኪናው መቆሙ አይቀርም። ሙሉ ከተማው የጫት ገበያ ነውና ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ግማሹ ተሳፋሪም ጉዳይ አለው። አትናደዱ። ከአዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በመኪና ከሆነ ስለ መንገዱ ሁኔታ በዚያው ሰሞን የሄደ ሰው ጠይቃችሁ ተነሱ።

ቀኑን ስትመርጡ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ ቁልቢ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ገብርኤልን ሊነግሥ የሚሄደው ሰው መንገዱንም፣ አልጋውንም፣ ሚኒባሱንም ይሞላዋል። ንግሡን ፈልጋችሁ ከሆነ እሰየው፤ ቤት ለማየት ከሆነ ግን በሳምንት አሳልፉት። ሁለተኛ ረመዳን። ረመዳን ላይ መሄድ ክፉ አይደለም፣ ማታ ማታ ከተማው ይደምቃል፣ ግን ቀን ቀን የደከመች ጾመኛ ሴትዮ ቤት ገብቶ «ይሄ ምንድነው? ያኛውስ?» ማለት ይከብዳል። ከረመዳን ቀጥሎ የሸዋል ስድስቱ ቀን ጾም ሲያልቅ ግን ሹዋሊድ አለ። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም የመዘገበው በዓል ነው። ሐረሪው ከያለበት ዓለም የሚመጣው ያኔ ስለሆነ ቤቱ ሁሉ በዘመድ ይሞላል። ጨዋታ ለሚወድ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ረጋ ብሎ ግድግዳ ለማየት ግን አይመችም።

ሰዓቱን በተመለከተ እኔ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ እላለሁ። ከዚያ በፊት ቤቱ አይጠረግም። ከምሳ በኋላ ደግሞ በርጫ ይጀመራል፣ አረፍ የሚልበት ሰዓት ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ጭራሽ አታስቡት፣ ሁሉም ጁምዓ ነው።

ማደሪያ ከጠየቃችሁኝ፣ ጀጎል ውስጥ ቤታቸውን እንግዳ የሚያሳድሩበት ቤተሰቦች አሉ። ሆቴሉን ተዉትና እዚያ እደሩ። ሻወርና ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ ውሃ ሲጠፋ በባልዲ ነው፣ ሌሊት የአዛን ድምፅ ከአምስት አቅጣጫ ይመጣል። ግን ጠዋት ስትነሱ የቤቱ እናት የት ሆና ቁርስ እንደምታቀርብ፣ ልጆቹ የት እንደሚያጠኑ፣ ጎረቤት ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ ታያላችሁ። ይሄን ማንም አስጎብኚ አያሳያችሁም።

ገበያውን አቋርጣችሁ ግቡ

ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። ስድስተኛው ሐረር በር በኋላ ለመኪና የተከፈተ ነው። ብዙ ሰው የሚገባው በዚሁ በመኪናው በር ነው፣ ቀጥ ብሎ ፈረስ መጋላ ያደርሳል። እኔ የምመርጠው ሸዋ በርን ነው። በሩ አጠገብ ገበያ አለ፣ ገና ከመግባታችሁ ቅመሙ ያስነጥሳችኋል።

ፈረስ መጋላ ስሙ እንደሚለው የፈረስ ገበያ ነበር፣ አሁን የባጃጅ ነው። ከዚያ ወደ ጊዲር መጋላ፣ ወደ ትልቁ ገበያ የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። መኪና የሚሉት የስፌት መኪናውን ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ በር ላይ ተደርድረው ስለሚሰፉ ድምፁ መንገዱን ስም አወጣለት። ጨርቅ ካላችሁ እዚያው ስጡና እለፉ። ጠዋት ሰጥታችሁ ማታ ቀሚስ የምትቀበሉበት ቦታ ነው። እግረ መንገዳችሁን ከገበያው አንድ ኪሎ ስኳርና ቡና ግዙ። ለምትገቡበት ቤት ነው። ባዶ እጅ ሰው ቤት መግባት ሐረርም ቢሆን ያው ነውር ነው፤ አስጎብኚ አብሯችሁ ስላለ ነውሩ አይቀርም።

ስለ አስጎብኚ ካነሳሁ፣ ውሰዱ። ያለ አስጎብኚ መዞር ይቻላል፣ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ብትጠፉም በግንቡ ተመልሳችሁ ትገናኛላችሁ። ቤት ለመግባት ግን የሚያስተዋውቃችሁ ሰው ያስፈልጋል። መታወቂያ ያለውን ጠይቁ። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ጨርሱ። እና አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድማችሁ ንገሩት፤ «አንድ ቤት ብቻ ነው የምንፈልገው፣ አንድ ሰዓት እንቀመጣለን፣ ሱቅ አንሄድም።» ፊቱ ትንሽ ሊጨልም ይችላል። ሱቁ ኮሚሽን ስለሚሰጠው ነው። ልዩነቱን እናንተ ጨምሩለትና ቀኑ ያምራል።

በመተላለፊያዎቹ ስትሄዱ ግድግዳ እንጂ ቤት አታዩም። ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ የተቀባ ረጅም ግድግዳ፣ አልፎ አልፎ የእንጨት በር፣ አለቀ። ቤቱ ያለው ከግድግዳው ጀርባ ነው። አንድ የግቢ በር ገብታችሁ ሁለት ሦስት ቤት ልታገኙ ትችላላችሁ። በሩን አንኳኩና ጠብቁ። የሴት ድምፅ «ማነው?» እስኪል ድረስ አንድ እግር እንኳ አታስገቡ። «አሰላሙ ዓለይኩም» በሉ። ሐረሪኛ ካልቻላችሁ ጭንቅ የለም፣ አብዛኛው ሰው አማርኛም ኦሮምኛም ይችላል፣ ሶማሊኛና ዓረብኛ የሚጨምርም ሞልቷል። ሴቶች ሻሽ ወይ ነጠላ ነገር ያዙ፣ ወንዶችም ቁምጣውን ሆቴል ተዉት። ካልሲያችሁ ቀዳዳ እንዳይኖረው። ይሄን የምለው ደርሶብኝ ነው።

አሁን ተቀመጡ፣ ግን የት?

ሐረሪዎች ቤታቸውን ጌ ጋር ይሉታል። ጌ ከተማ ነው፣ ጋር ቤት ነው። የከተማ ቤት ማለት ነው፣ ለእነሱ ከተማ ሲባል ሐረር ነው፣ ሌላው ሁሉ ስም ይፈልጋል።

ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ፊት ለፊታችሁ ዋናው ክፍል ነው። ወንበር የለም። ወለሉ ራሱ ነው ወንበር የሆነው። ክፍሉ በደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ እነዚህ መደቦች ነደባ ይባላሉ፣ ምንጣፍና ትራስ ተነጥፎባቸዋል። አምስት ናቸው። ሰፊው፣ ብዙ ሰው የሚይዘው ጊዲር ነደባ ነው፣ ትልቁ መደብ። ትንሹ ጢት ነደባ ነው። በሩ ጀርባ ያለው ገብቲ ኤሔር ነደባ ይባላል፣ ትርጉሙም ያው ከበር ኋላ ማለት ነው። ሱትሪ ነደባ የሚባለው ደግሞ ከእንግዳ ዓይን ገለል ያለ ነው፣ ስሙም ስውር እንደማለት ነው። የቀረው አሚር ነደባ ነው። የቤቱ አባወራ መቀመጫ። ከዚያ ሆኖ የሚገባ የሚወጣውን ሁሉ ያያል።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ እኔ የት ሄጄ ዘጭ ያልኩ ይመስላችኋል? ፀሐይ ደበደበኝና ቀዝቀዝ ያለችውን፣ ከፍ ያለችውን፣ ትራሷ ደህና የሆነውን ቦታ መርጬ ተቀመጥኩ። የቤቱ እናት ቡና ይዘው ገቡና ቆም አሉ። አዩኝ። «ልጄ፣ እዚያ ባለቤቴ ነበር የሚቀመጠው» አሉ። አልተቆጡም። ግን ባለቤታቸው ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ትራሱ ግን ይቀየርለታል፣ ማንም አይቀመጥበትም። ተነስቼ ጊዲር ነደባ ላይ ቂብ አልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው የጀመረው። እሳቸው ወንዱ ልጃቸው ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ፣ የሱ ሚስት የት እንደምትቀመጥ፣ ሼኽ ሲመጡ ማን ተነስቶ ለማን ቦታ እንደሚለቅ በእጃቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ያን ቀን ያገኘሁትን በመጀመሪያው ጉዞ ከነበሩኝ ፎቶዎች አንዱም አልነገረኝም።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ቆማችሁ ጠብቁ፣ «የት ልቀመጥ?» በሉ፣ የሚያሳዩአችሁ ቦታ ተቀመጡ። ያስቀመጧችሁ ቦታ ራሱ መልእክት አለው።

ከተቀመጣችሁ በኋላ ነው ቤቱ የሚታየው

ይሄን ሞክሩት። ቆማችሁ ግድግዳውን እዩት፣ ከዚያ ተቀምጣችሁ እዩት። ሁለቱ አይመሳሰሉም። ግድግዳው ውስጥ የተሠሩት መደርደሪያዎች፣ እንደ ጎድጓዳ መስኮት ያሉት፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ ተቀምጣችሁ ስታዩአቸው ቁመታቸው ልክ ይመጣል። ሁለቱ አራት ማዕዘን ናቸው፣ የመጽሐፍ ቦታ ናቸው፣ ቁርኣን ይቀመጥባቸዋል። እነሱን በጣት አትነካኩ። ሌሎቹ ላይ ሳህን፣ ስኒ፣ የኢናሜል ጎድጓዳ ሳህን፣ አሁን አሁን ደግሞ የፕላስቲክ አበባና የቴሌቪዥን ሪሞት ታገኛላችሁ። ቴሌቪዥኑ ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ የሚታገል ቱሪስት አይቻለሁ። ምን አደረገው? የሰው ቤት ነው።

ወለሉና የመደቦቹ ፊት ቀይ ነው። በቀይ አፈር ነው የሚቀባው። በ1879 ዓ.ም ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂ ጦር ከምኒልክ ጦር ጋር ገጥሞ ብዙ ሰው አለቀ፣ ሐረርም ነፃነቷን አጣች። ቀዩ የዚያ ቀን ደም መታሰቢያ ነው ይላሉ። ይሄ ወሬ ሲነገር ቀልድ አታምጡ። የእናንተ አያት የድሉ ወገን የነበረ ከሆነም አፋችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ስሙ። እኔ የሸዋ ልጅ ነኝ፣ ያን ጊዜ ቡናዬን ብቻ ነበር የማየው።

ከዋናው ክፍል ጎን ኪርታት የምትባል ትንሽ ክፍል አለች። ድሮ ሙሽሮች ከሰርጋቸው በኋላ ከሰው ተለይተው የሚቆዩባት ናት፣ ምግብ እንኳ ይሰጣቸው የነበረው በመስኮት ነገር ነው ይባላል። አሁን በአብዛኛው መኝታ ወይ የዕቃ ቦታ ናት። «ልይ?» ሳትሉ መጋረጃውን አትግለጡ። ላይኛው ፎቅም እንዲሁ ነው። ድሮ በመሰላል የሚወጣበት ጎተራ ነበር፣ ዛሬ የብዙ ቤት ልጆች የሚተኙበት ነው።

ስፌቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ሱቅ ውስጥ ስታዩት ጌጥ ነው፣ እዚህ ግን እያንዳንዱ ሥራ አለው። የስኒ መያዣው ፊንጃን ጋር ይባላል፣ የስኒ ቤት ማለት ነው፣ ያው ጋር። ለአማት የሚሰጠው ረጅሙ ደግሞ ሐማት ሞት ነው። መጀመሪያ ስሰማው ደነገጥኩ። ሞት በሐረሪኛ የዳቦ መያዣ ስፌት ነው። ሐማት ያው አማት ናት። የቤቱ እናት ሲነግሩኝ ፊቴን አይተው ሳቁ፣ ለካ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ እዚህ ላይ እንደሚደነግጥ ያውቃሉ። ስፌቱን ማን እንደሰፋው ጠይቁ። «እናቴ»፣ «እኔ ሳላገባ»፣ «ይሄን የገዛሁት ነው፣ እሱ አይረባም» ይሏችኋል። ከዚያ በኋላ ሱቅ ብትገቡ ጥሩውን ከመጥፎው ትለያላችሁ፣ እንደ እኔ ሦስት ቀለም የደማመቀበትን ሁሉ አትገዙም።

አስጎብኚዎች ሁሉ የሚናገሯት አንድ ነገር አለች። ከበሩ በላይ በውስጥ በኩል የእንጨት ማንጠልጠያ አለ፣ ምንጣፍ ይጠቀለልበታል። ምንጣፍ ተጠቅልሎ ካለ ቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል፣ ላጤዎቹ በተለይ። ባለቤቶቹ ፊት ጮክ ብላችሁ አትቁጠሩ።

ቡና ወይ ሆጃ ይቀርብላችኋል። ሆጃ የቡና ገለፈት በወተት ተፈልቶ ነው፣ ለለመደው ልዩ ነው፣ ለእኔ ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። በቀኝ እጅ ተቀበሉ። ፎቶ ማንሳት ከሆነ ከቡናው በኋላ ጠይቁ፣ ክፍሉን ብቻ ነው ወይስ ሰውም ጭምር ብላችሁ ለዩ። ገንዘቡን ስትወጡ፣ ለቤቱ እናት፣ በእጃቸው፣ ጎላ ሳታደርጉ። አስጎብኚው በኩል አታሳልፉት።

ሌሎቹ ቤቶች ከዚህ በኋላ

አሁን የራምቦን ቤት ማየት ትችላላችሁ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ እንዲሆን የምወተውተው ሆን ብዬ ነው። ጌ ጋር ውስጥ ከተቀመጣችሁ በኋላ ስትሄዱ ሌላ ዓለም እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ከእንጨት የተሠራ ባለፎቅ፣ ባለቀለም መስታወት፣ ሥዕል ያለበት ጣሪያ። የህንድ ነጋዴዎች እጅ ነው።

ደግሞ አትሸወዱ። አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው በ1873 ዓ.ም ነው፣ ያኔ ከተማውን ግብፆች ይዘውት ነበር። ግጥሙን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ እርግፍ አድርጎ ትቶ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር፣ በኋላም ለምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ ሸጧል። በ1883 ዓ.ም እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወደ ባሕር ዳርቻ አወረዱት፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ማርሴይ ላይ ሞተ። ዛሬ የራምቦ ቤት የሚባለው ግን እሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ ነው። አንድ ሌሊት አላደረበትም። ይሄን ስነግራቸው የሚናደዱ ጓደኞች አሉኝ። አትናደዱ፣ ቤቱ ያምራል፣ ውስጡ ያለው የድሮ ሐረር ፎቶ ብቻውን ያስኬዳል። ከፎቶዎቹ ጥቂቶቹን ያነሳው ራሱ ራምቦ ነው። ላይኛው ፎቅ ወጥታችሁ ጣሪያዎቹን እዩ፣ ታች መተላለፊያው ላይ ያላያችሁት ግቢ ሁሉ ከላይ ይታያል።

ጎረቤቱ የራስ ተፈሪ ቤት ነው። እሱም ህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፣ በሩ ላይ የህንድ ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ተፈሪ መኮንን እቴጌ መነንን አግብተው የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚህ አሳለፉ ይባላል። አሁን ሙዚየም ነው። አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰበሰቡት የቁርኣን ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥ፣ ጎራዴ አለበት። የሐረርን ሳንቲሞች ፈልጋችሁ እዩአቸው፣ ከጣት ጥፍር ብዙም አይበልጡም። ሁለቱንም ቤት ከምሳ ሰዓት አርቁት፣ ተዘግቶ በር ላይ የቆመ ቱሪስት በየቀኑ አለ።

ሦስተኛው ጉዞዬ ላይ ሁሉንም በቅደም ተከተል አደረግሁ። እንዳልኳችሁ አንኳኳሁ፣ ጠበቅሁ፣ ስኳሩን ሰጠሁ፣ «የት ልቀመጥ?» አልኩ፣ ጊዲር ነደባ ላይ አስቀመጡኝ። ሁለት ሰዓት ያህል ተጫወትን። ስወጣ ጫማዬን እያሰርኩ ቀና ስል ከበሩ በላይ ሁለት ምንጣፍ ተጠቅልሎ አየሁ። እዚህ ቤት ሴት ልጅ መኖሯን ማንም አልነገረኝም። አላስችል አለኝና በጨዋ ደንብ፣ ዞር ዞር ብዬ ጠየቅሁ፣ ቤተሰቡ ደህና ነው ወይ፣ ልጆች ስንት ናቸው፣ ሁሉም እዚሁ ናቸው ወይ እያልኩ። ሴትዮዋ ዓይኔን ተከትለው ቀና አሉ።

«እሱማ ትናንት ታጥቦ ነው» አሉኝ፣ «ገና አልደረቀም።»